ወይን የማይከረከምባት ጨረቃ

በ1767 ዓ.ም. ኦገስት 26 ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ የንጉሡ ወታደሮች በሎስ ፔራሌስ ርስት የነበሩትን አራት የኢየሱስ ማኅበር መነኮሳት ከነካባቸው በበቅሎ ላይ አስቀምጠው ወሰዷቸው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ርስቱ፣ ወይኑ፣ የወይን ጠጁ ጋንና አርባ ሦስቱ ባሮች የማኅበሩ መሆናቸው ቀርቶ የንጉሡ ሆኑ። በማይፖ ወንዝ ዳር መቶ ዓመት ያህል ሳይናወጥ የኖረው የሥራ ሥርዓት በአንድ ጠዋት ጌታውን ለወጠ፤ ጨረቃን ተመልክቶ «ዛሬ ከርክሙ፣ ዛሬ ዝሩ» የሚል ሰውም ከርስቱ ጠፋ።

ዓመቱ ሊሞላ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመሣሪያ ቤቱ ደወል ያለ ሰዓቱ ተደወለ። ካሲልዳ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ በመስኖው ቦይ ዳር እየሮጠች ስትደርስ፣ አስተዳዳሪው ዶን ፌርሚን ኡርታሱን በበሩ ላይ የነበረውን ቀይ የሰም ማኅተም በገዛ እጃቸው፣ በወረቀት መቅደጃ ቢላ፣ እየፈለፈሉ ነበር። ያተሙትም እሳቸው ናቸው፤ በጁላይ መጀመሪያ፣ «የንጉሡ ንብረት እስኪጣራ» ብለው። እስኪጣራ ድረስ ጨረቃ ሞላች፣ ጎደለች፣ ጠፋች። መከርከሚያዎቹ ግን ከታሸገው በር በስተጀርባ ነበሩና፣ የወይን ሰዎች የሚባሉት ዐሥራ ሁለቱ ሠራተኞች ወይን የሚከረከምባትን ጨረቃ እጃቸውን አጣጥፈው አሳለፏት።

ሰሙ ተፈርፍሮ አለቀ። ዶን ፌርሚን ቢላቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። ከናቫራ ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነው። ፓምፕሎና ውስጥ በአንድ የውል አዋዋይ ቢሮ ሃያ ዓመት ጽፈዋል ይባላል፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ጸጉራቸውን በዝናብም ሆነ በጭቃ አያወልቁም፤ የብር ዘለበት ያለው ጫማቸው ከመጡ ወዲህ አንድ ቀን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

«ትናንት ማታ ሰማዩ ተከፈተ» አሉ። «ከሦስት ሳምንት ዝናብ በኋላ ጨረቃን በዐይኔ በብረቱ አየኋት። እየጎደለች ነው። ስለዚህ ክርከማው አሁኑኑ ይጀመርና ነገ ማታ ይለቅ። ሐሙስ ማለዳ የበቅሎው ጓዝ ወደ ቫልፓራይሶ ይነሣል።»

 ጨረቃዋን ትናንት ማታ ያላየ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም፤ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ከምዕራቡ ኮረብታ በላይ ቀጭን ሆና ስትታይ የወጥ ቤቱ ሴቶች ሳይቀሩ ወጥተው ሰላም ብለዋታል። ጨረቃዋ አዲስ ነበረች።

«ጌታው ካሉ አለ ነው!» አለ የሥራው አለቃ ሜልቾር፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ለጥፎ። «በሉ እንጂ፣ ምን ትገተራላችሁ! መከርከሚያችሁን እየወሰዳችሁ!»

ካሲልዳ ተራዋ ደርሶ መከርከሚያዋን ስትቀበል ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ትናንት ማታ ጨረቃን አላየሃትም፣ ሜልቾር?»

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ጨረቃ እኔን ከአለቃነት አታወርደኝም። እሳቸው ያወርዱኛል።» ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «ሂጂ! ሂጂ! ወሬሽን ለወይኑ አውሪው!»

መከርከሚያው ዝጓል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ዘይት ሳይነካው የከረመ ብረት ነበር። ካሲልዳ በቀሚሷ ጫፍ እያሸችው ወደ ወይኑ ወረደች። ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ከእነዚህም ሠላሳውን ያሳለፈችው በዚህ ወይን መሃል ነው። ሥራውን ያስተማሯት ወንድም ኤንግልቤርቶ የሚባሉ ባቫሪያዊ መነኩሴ ነበሩ። ቅዳሴ የሚቀድሱ አባት አልነበሩም፤ አትክልተኛ ነበሩ። ማንበብ አላስተማሯትም፤ ሁለት ፊደል ብቻ፣ ለሥራው የሚያስፈልጉትን፣ በመሬት ላይ በበትር ጽፈው አሳይተዋታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ከመሬት በታች የሚያፈራ ሁሉ፣ በጨረቃ ጉድለት ይተከላል። ሰላጣና ጎመን በሙላት ይዘራል። ለማዳቀል የሚሆነው፣ ፒር ከሚባለው የፍሬ ዛፍ የሚወሰደው ቀንበጥ በጉድለት ተቆርጦ በአሸዋ ይቀበርና በሙላት ይዳቀላል። ወይን ግን በጉድለት፣ በክረምቱ መጨረሻ ጉድለት ብቻ፣ ውሃው ወደ ሥሩ ወርዶ ሳለ። ዓምና ወታደሮቹ ሊወስዷቸው በመጡ ጊዜ ወንድም ኤንግልቤርቶ የመጨረሻውን ግንድ ከርክመው ከጨረሱ ገና ሁለት ቀናቸው ነበር። ጨረቃዋም በዚያው ሰሞን ነበር የጠፋችው።

ልጇ ናቻ በሚቀጥለው መስመር ላይ ተጎንብሳለች። የክርስትና ስሟ ኢግናሲያ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትናንት የሠራችውን የጸጉር ጉንጉን ገና አልፈታችም።

«እማዬ» አለች ቀና ሳትል። «ይቺ ጨረቃ እኮ ገና ጨቅላ ናት።»

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ!»

«ብነግራቸው ምን ይሉኛል?»

ናቻ ወዲያው ገባትና ወደ ግንዷ መለስ አለች።

ነገሩ ግልጽ ነበር። በሳንቲያጎ የተቀመጠው ሸንጎ የላከው ትእዛዝ በቅዳሜው ጸሎት ላይ ለሁሉም ተነቧል። የወቅቱ ሥራቸው ያለቀ ባሮች በቅሎ ጓዙን ተከትለው ወደ ቫልፓራይሶ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ሊማ ሄደው ይሸጣሉ። ሥራቸው ያላለቀ እስኪጨርሱ ይቆያሉ። መርከቡ የሚነሣው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ እስከ ጃንዋሪ የለም። የሸክላ ሠሪዎቹ ሥራ አልቋል። የወጥ ቤቱ ሴቶች፣ አባቶች በሌሉበት ቤት፣ ሥራቸው ዓምና አልቋል። የወይን ሰዎች ክርከማውን ነገ ማታ ከጨረሱ ሐሙስ ማለዳ መንገደኞች ናቸው። ፒሮቹን ለማዳቀል ትፈለጋለች ተብላ የምትቀረው ካሲልዳ ብቻ ናት። ክርከማው የሚገባው ጨረቃ ስትጎድል፣ በኦገስት መጨረሻ፣ ከሆነ ግን መርከቡ ያለ ናቻ ይሄዳል።

«ልጇን ለማስቀረት ነው ይላሉ» አለች ናቻ፣ ቀስ ብላ።

«እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲያው ነበር የምለው።»

«ግን እውነት ነው እኮ!»

«አዎ፣ እውነት ነው» አለች ካሲልዳ። «ያስቸገረኝም እሱ ነው።»

በሕይወቷ ብዙ ዋሽታለች። ላልታመመች ሴት ታማለች ብላለች፤ የተሰበረ ጋን ድሮም የተሰነጠቀ ነበር ብላለች፤ የተበላ ፒር ወፍ በላው ብላለች። ሁሉም ታምኖላታል፤ ባይታመንም ታልፎላታል። ዛሬ የያዘችው ነገር ግን ውሸት አይደለም። እውነት ሆኖ ሳለ ልክ ውሸት ሊሆን የሚገባውን ያህል ይጠቅማታል፤ እንዲህ ያለውን እውነት እንዴት አድርገው እንደሚናገሩት ማንም አላስተማራትም። ራሷንም ጠየቀች፦ ናቻ ከዝርዝሩ ውስጥ ባትኖር ይህን ያህል ስለ ጨረቃዋ ትጨነቅ ነበር? ስለ ወይኑ ታዝን ነበር፣ ይህ እርግጥ ነው። ነገር ግን ምናልባት ዝም ትል ነበር። ይህን ማወቋ አሳፈራት።

ረፋዱ ላይ ዶን ፌርሚን በትራቸውን ተመርኩዘው፣ ከጭቃው ወደ ጭቃው እየመረጡ፣ ወደ መስመሩ መጡ። ሜልቾር ከኋላቸው ነበር። ካሲልዳ በበሩ አጠገብ ከቆመው፣ ሙስካቴል ከሚባለው ወይን አሮጌ ግንድ አንዲት ሐረግ ብቻ ቆርጣ አቆየች። ከቁስሉ ላይ ጥርት ያለ ውሃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይንጠባጠባል።

«ጌታዬ፣ ወይኑ እያለቀሰ ነው።»

ዶን ፌርሚን መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው ጎንበስ አሉና አዩት።

«በናቫራም ያለቅሳል።»

«በዚህ ሰሞን ይህን ያህል ሊያለቅስ አይገባውም። ውሃው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ይህ ማለት…»

«የካሲልዳ ወይን ሁልጊዜም አልቃሻ ነው፣ ጌታዬ!» አለ ሜልቾር። «በእሷ ወጥቶ ነው።»

ከመስመሩ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ዶን ፌርሚን አልሳቁም፤ ነገር ግን መነጽራቸውን ወደ ቦታው መልሰው አለፉ። ካሲልዳ ያቺን የመጀመሪያ ዕድሏን እንዲህ አጣቻት። ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ዐወቀች፤ ስለ ጨረቃ ልትናገር የሚገባትን ነገር ወይኑ እንዲናገርላት ፈልጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝግ ብላ መሥራት ጀመረች። ሌሎቹ መስመር ከመስመር ሲያልፉ እሷ በየግንዱ ሥር ተንበርክካ አረም ትነቅላለች፤ የተቀበረ ድንጋይ ታወጣለች፤ መከርከሚያዋን ከድንጋዩ ላይ ትስላለች፤ ተስሎ ተስሎ ብረት የቀረው አይመስልም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የተቆላ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ሲጠጡ አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ካሲልዳ ወይኑን አይደለም፣ መሬቱን ነው የምትከረክመው» አለ። ሳቀች። 

ዐሥር ሰዓት ገደማ ሜልቾር መጣ።

«ይጠሩሻል። አራት ግንድ ብቻ እንደ ሠራሽ ነግሬያቸዋለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ።»

«እኔ ባልነግራቸው እሳቸው በመስኮት ይቆጥሩታል፣ አንቺ ሴት!» አለ፤ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፣ ድምፁ ግን እንደ ልመና ወጣ። «አትመልሺላቸው፣ እባክሽ። በቃ ይቅርታ በያቸውና ተመለሺ።»

ዶን ፌርሚን ከቤቱ ጀርባ፣ በወይራ ዛፎቹ መሃል ባለው የድንጋይ መድረክ ላይ በወንበር ተቀምጠዋል። በፊታቸው ማቴ የሚሉት ትኩስ የቅጠል መጠጥ የተሞላ፣ በብር የተለበጠ ቅል አለ፤ የብሩን መምጠጫ ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው እንደ ሁልጊዜው ምላሳቸውን አቃጠሉና አስቀመጡት። ጸሐፊው ሴቨሪኖ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ዝርዝሩን ዘርግቶ ስሞች ይገለብጣል። ካሲልዳ ከላይ ወደ ታች የተደረደረውን ጥቁር መስመር አየች። የትኛው መስመር ናቻ እንደሆነች ማወቅ አልቻለችም።

«ከጠዋት እስከ አሁን አራት ግንድ» አሉ ዶን ፌርሚን። «ታመሻል?»

ለሠላሳ ዓመት «አዎ፣ ጌታዬ» ትል የነበረችበት ቦታ ይህ ነበር።

«አልታመምኩም። ለብቻዎ ብነግርዎት ደስ ይለኛል፣ ጌታዬ።»

ዶን ፌርሚን ትንሽ አመነቱ። ከዚያ «ሴቨሪኖ፣ ሂድና ቀለም በጥብጥ» አሉ። ቀለሙ ሙሉ ነበር፤ ሴቨሪኖ ግን የቀለሙን ዕቃ ይዞ ሄደ።

«እህ?»

«ጨረቃዋ እየጎደለች አይደለም። እያደገች ነው።»

ዶን ፌርሚን ቀና ብለው ከወይራዎቹ በላይ አዩ። ጨረቃዋ በጠራው የከሰዓት በኋላ ሰማይ ላይ ፈዛዛ ሆና ተቀምጣለች፤ ሆዷን ወደ ግራ ሰጥታ፣ እንደ ማጭድ።

«ማንበብ ታውቂያለሽ?»

«ሁለት ፊደል ብቻ። ሆዱ ወደ ግራ የሆነውን ሴ፣ ሆዱ ወደ ቀኝ የሆነውን ዴ።»

«ግሩም። እንግዲህ ‹የምታድግ› የሚለው ቃል በስፓኝ ቋንቋ በሴ ይጀምራል፣ ‹የምትቀንስ› የሚለው በዴ። እዚያ ሰማይ ላይ ምን ተጽፏል?»

«ሴ።»

«ሴ። ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ጨረቃ ሴ ስትጽፍ ‹እያደግሁ ነው› ትላለች፣ ትዋሻለች፤ እየጎደለች ነው። ዴ ስትጽፍ ነው የምታድገው። ከአያቴ ጭን ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ነው ይህ።»

«በእርስዎ አገር ትዋሻለች፣ ጌታዬ። እዚህ አትዋሽም።»

«ጨረቃ ሁለት ናት ልትዪኝ ነው?»

«አንድ ናት። የቆምንበት ነው ሁለት።»

ዶን ፌርሚን ፈገግ አሉ፤ ደግ ፈገግታ ግን አልነበረም።

«ልጅሽ ማን ነበር ስሟ? ኢግናሲያ። አንቺ እኮ ልጅሽ እንድትቀር ጨረቃ አራት ማዕዘን ናት ትዪኝ ነበር። አልፈርድብሽም። እዚህ ከመጣሁ ሦስት ወር ሞላኝ፤ ያልጠቀመውን ነገር የነገረኝ አንድም ሰው የለም። ሜልቾር ማታ ማታ ምን እንደሚለኝ ብትሰሚ…» ሳይጨርሱ ተዉት። «ሸንጎው ‹ወይኑ አባቶች በሚያውቁት ልማድና ጊዜ ይሠራ› ብሎ ጽፎልኛል። የጨረቃን ሙላትና ጉድለት የሚነግረው የሊማው የዘመን መቁጠሪያ ዘንድሮ አልደረሰም። ወይኑ ቢበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ማንን ልመን?»

«እኔን አይመኑ» አለች ካሲልዳ። «ሁለት ማታ ይቆዩና ራስዎ ይዩ። ስትወፍር ያዩዋታል።»

«ከነገ ወዲያ ጓዙ ይሄዳል። ዝርዝሩን ዛሬ ማታ መፈረም አለብኝ።»

ይህን ካሲልዳ አላሰበችውም ነበር። ከወንዙ በኩል የመጣው ነፋስ የወይራውን ቅጠል ገለበጠው፤ መላው ዛፍ ነጭ ሆነ፣ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ልትናገረው የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ለንጉሥ ሹም የሚነገር ዐይነት አይደለም።

«እናቴ» አለች፣ «ከአንጎላ ነው የመጣችው። በተወለደችበት አገር ጨረቃ ሴም ዴም አትጽፍም ነበር። እንደ ጀልባ ተንጋላ ነው የምትሄደው ትለኝ ነበር። እዚህ ስትመጣ ጨረቃዋ ቆመች፤ እናቴ ደነገጠች። ወንድም ኤንግልቤርቶ ደግሞ ከባቫሪያ ሲመጡ የሳቸው ጨረቃ ተገልብጣ ጠበቀቻቸው። በመጀመሪያው ዓመት እንደ እርስዎ አነበቧትና ነጭ ሽንኩርቱን ሁሉ ያለ ጊዜው ተከሉት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር እዚህ ይመጡ ነበር። እዚህ፣ እርስዎ ያሉበት ላይ።»

«መጥተውስ?»

ካሲልዳ መሬት መሬቱን አየች።

«ጀርባቸውን ለጨረቃ ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በእግራቸው መሃል ያዩዋት ነበር።»

የዶን ፌርሚን ፊት ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ።

«ታሾፊብኛለሽ?»

«አላሾፍኩም፣ ጌታዬ።»

«የንጉሡ አስተዳዳሪ ቂጡን ወደ ሰማይ ሰቅሎ…! ይህን የመከረሽ ማን ነው? ሜልቾር ነው? ከየትኛው ዛፍ ጀርባ ሆነው ነው የሚስቁት?»

«ማንም የለም። እኛም በልጅነታችን ስቀንባቸዋል፤ ከአጥሩ ኋላ ተደብቀን። እሳቸው ግን አይቆጡም ነበር። ‹ራሴ ሲገለበጥ ጨረቃ ትቃናለች፤ የአገሬን ጨረቃ አያለሁ፣ በአገሬ ፊደል አነባታለሁ› ይሉ ነበር። እርስዎም ሲያዩዋት ሴዋ ዴ ትሆናለች። በአያትዎ ትምህርት ያንብቧት፤ በእኔ ቃል አይደለም።» ትንፋሽ ወሰደች። «እኔ ወደ ወይራዎቹ ዞሬ እቆማለሁ። ከተናገርኩት አንዲት ቃል ሐሰት ከሆነች የእኔንም ስም በዝርዝሩ ላይ ይጻፉት።»

ዞረች። በፊቷ የአሮጌ ወይራ ግንድ ነበር፤ በቅርፊቱ ላይ ጉንዳኖች ወደ ላይ ይወጣሉ። አትክልተኛ ናትና እየተመለከተቻቸው ዝናቡ በእርግጥ እንዳበቃ ዐወቀች። ከጀርባዋ ምንም አይሰማም። ቆይቶ ወንበሩ ተንቋቋ። የጫማ ድምፅ በድንጋዩ ላይ ሁለት ጊዜ ወዲህና ወዲያ አለ፤ ቆመ። የጉልበት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ነገር፣ ምናልባት መነጽሩ፣ ድንጋዩ ላይ ወደቀ፤ ለስለስ ያለ ሌላ ነገርም ተከተለው። ዶን ፌርሚን በናቫራ ቋንቋ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየችውም።

 ከዚያ ያጎነበሰ ሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ወደ እኔ አትዙሪ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ከታች፣ ከመሬት አካባቢ ነበር የመጣው።

«አልዞርም።»

«ከቤታችን ፊት ለፊት ቤተ ክርስቲያን አለ። ክረምት ክረምት፣ ከቢሮ ወደ ቤቴ ስገባ፣ ከደወሉ ቤት በላይ ልክ እንዲህ ሆና ነው የምትቀመጠው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልክ እንዲህ። ሦስት ወር ሙሉ ምን እንደ ጎደለኝ አላወቅሁም ነበር።»

ካሲልዳ ጉንዳኖቹን በዐይኗ መከተሏን ቀጠለች። 

«ያ ወንድም፣ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ሲወስዷቸው ሰባ አልፏቸው ነበር።»

«በዚያ ዕድሜም ያጎነብሱ ነበር?»

«በየወሩ። መጀመሪያ ለሥራው ነበር። ኋላ ኋላ ግን ያለ ፊደልም ያነቧት ስለ ነበር፣ ለሥራው አይመስለኝም።»

ድንጋዩ ላይ መነጽር ሲነሣ ተሰማ። ጉልበቶቹ እንደገና ተንቋቁ። «ዙሪ» ሲሏት ዞረች። ዶን ፌርሚን ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ደም መስሏል፤ ሰው ሠራሹ ጸጉራቸው ወደ አንድ ጆሮ አዘንብሎ አንዲት የወይራ ቅጠል ተሰክታበታለች።

«ሙሉ የምትሆነው መቼ ነው?»

«በሃያ ሰባት። በማግስቱ መጉደል ትጀምራለች።»

«ጓዙ የሚነሣው ሐሙስ ነው።»

«ዐውቃለሁ።»

«መርከቡም እስከዚያ አይጠብቅም።»

«እሱንም ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያውስ የምትለምኚኝ ነገር ምን እንደሆነ ገብቶሻል።»

«የለመንኩት የለም፣ ጌታዬ» አለች ካሲልዳ። «የነገርኩዎት ስለ ጨረቃ ነው።»

ዶን ፌርሚን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀዝቃዛውን የማቴ ቅል አነሡ፤ መምጠጫውን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ሲያስቀምጡት ፊታቸው አልተኮማተረም።

ደወሉ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ሰዓቱ ተደወለ። የወይን ሰዎች መከርከሚያቸውን እንደያዙ ወጡ። ናቻ እናቷን በዐይኗ ፈለገቻት፤ ካሲልዳ ከመሣሪያ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ ምንም አይልም። ሸክላ ሠሪዎቹና የወጥ ቤቱ ሴቶችም መጥተው ከግቢው ዳር ቆሙ፤ ለእነሱ የሚነገር ነገር እንደማይኖር እያወቁ። ሜልቾር የአስተዳዳሪውን ጸጉርና ቅጠሏን አየ፤ በሐር እግር ሹራባቸው ጉልበት ላይ ያለውን ጭቃ አየ፤ አፉን ከፈተ፤ ካሲልዳን አየና ዘጋው።

ዶን ፌርሚን ሴቨሪኖን በእጃቸው ጠሩት። የቀለሙ ዕቃ እንደ ሞላ ነበር።

«ጻፍ» አሉ። «በሎስ ፔራሌስ ርስት የወይን ክርከማ ከኦገስት ሃያ ስምንት በፊት አይከናወንም። ዐሥራ ሁለቱ የወይን ሰዎች የወቅቱ ሥራቸው አላለቀምና እዚሁ ይቆያሉ፤ የሐሙሱ ጓዝ ያለ እነሱ ይሂድ።»